ከጎዳና መኪና ወደ ድራግ መኪና፦ በትንሽ ወጪና በትንሽ ጣጣ

ብዙ ሰው መኪናውን ለድራግ ውድድር (ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ተነስተው አጭርና ቀጥ ያለ መሮጫ ላይ ለሚሽቀዳደሙበት) ማዘጋጀት ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ሞተሩ ነው። ትልቅ ካምሻፍት፣ ቱርቦ፣ የሚያጓራ ማርሚታ። እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። የመጀመሪያ መኪናዬ ላይ ካምሻፍትና ማኒፎልድ ቀየርኩ። ለዚህ ብዬ ስንት ቅዳሜና እሁድ ከኮፈኑ ስር አሳለፍኩ። መሮጫው ላይ ስወጣ ግን ሰዓቱ ከድሮው ፈቀቅ አላለም። አረንጓዴው ሲበራ ጎማዬ እዚያው ይሽከረከራል፣ ጭስ ይወጣል፣ ምንም ያልተነካ መኪና አጠገቤ ተነስቶ ይሄዳል። በቀጣዩ ወር ጎማ ብቻ ቀየርኩ። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ተቀነሰልኝ።

ስለዚህ እዚህ የምነግርህ የሥራ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ መሬት የሚነክሰው፣ ቀጥሎ የሚያቆመውና ነፍስህን የሚጠብቀው፣ ከዚያ እንዳይሰበር የሚፈለገው። ሞተሩ ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። የምንፈልገው መኪና ራሱ እየተነዳ ውድድር ቦታ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ማታም ራሱ እየተነዳ ቤት ይገባል።

ግብህን በቁጥር አስቀምጥ

የድራግ ርቀት 1/4 ማይል ነው፤ 402 ሜትር። ብዙ ቦታ ግማሹን ብቻ፣ ማለትም 201 ሜትር ያሮጣሉ። መኪናህ በ1/4 ማይል ስንት ሰከንድ እንደሚገባ ብር ሳታወጣ መገመት ትችላለህ። የመኪናውን ክብደት ከነሹፌሩ በኪሎ ያዝ፤ ለፈረስ ጉልበቱ አካፍል። የተገኘውን ቁጥር ኩብ ሩት አውጣና በ7.58 አባዛ። ለምሳሌ 1,450 ኪሎ የሚመዝን 300 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና 12.8 ሰከንድ አካባቢ ይወጣል። ይሄ ጎማው በደንብ ከነከሰ ነው። ካልነከሰ 14ም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የት እንደሚጠፋ ወደታች እናያለን።

ግብህ ከ12 እስከ 13.5 ሰከንድ ባለው ውስጥ ይሁን። ምክንያቱ አቅም ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው የድራግ ማኅበር ኤን ኤች አር ኤ የሚያወጣውን የደንብ መጽሐፍ ብትገልጠው አጥሩ የት እንዳለ ታያለህ። በ1/4 ማይል 11.49 ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ መኪና ሮል ባር (ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ያስፈልገዋል። ማንዋል ከሆነ ፍላይዊሉም (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ዲስክ) የኤስ ኤፍ አይ፣ ማለትም የውድድር ዕቃ ደኅንነት መለኪያ የሚያወጣው ድርጅት፣ ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት። 10.99 ላይ ደግሞ ሃርሞኒክ ባላንሰሩም (የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጋው) ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ የኋላ አክስሎቹም የፋብሪካው ሳይሆኑ ለውድድር የተሠሩ መሆን አለባቸው። 9.99 ስትደርስ ሙሉ ሮል ኬጅ፣ ሹፌሩን ዙሪያውን የሚከብ የብረት ቀፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና ከዚያ በኋላ ለተሠሩ ያልተነኩ መኪኖች የተለየ አንቀጽ አለ። ያም ሆኖ ለብዙዎቻችን ነገሩ ያው ነው፦ ከ11.50 በላይ እስከቆየህ ድረስ መኪናህ የጎዳና መኪና ሆኖ ይኖራል። ያቺን መስመር ስታልፍ እያንዳንዷ የሰከንድ አንድ አስረኛ ዋጋዋ ይንራል።

«13 ሰከንድ የሚሮጥ መኪና ምን ያሸንፋል?» ትለኝ ይሆናል። ብራኬት የሚባለው ውድድር ለዚህ ነው የተፈጠረው። መኪናህ የሚገባበትን ሰዓት ራስህ ገምተህ መስታወቱ ላይ ትጽፋለህ። ዘገምተኛው መኪና በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ከጻፍከው ሰዓት ፈጥነህ ከገባህ ትሸነፋለህ። ስለዚህ እዚህ የሚከበረው ተመሳሳይ ሰዓት እየደጋገመ የሚገባ መኪና ነው። ጠዋትም 13.21፣ ከሰዓትም 13.23 የሚገባ መኪና ዛሬ 11.6 ነገ 11.9 የሚለውን በየሳምንቱ ያሸንፈዋል። ርካሽና ጣጣ የሌለው መኪና የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

መኪናውን ስትመርጥ

ቀለል ያለ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው፣ በብዛት የተመረተ መኪና ፈልግ። በብዛት የተመረተ ያልኩት ለእቃው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 የተሠራው ባለ 5 ሊትር ፎርድ ሙስታንግ በዓለም ላይ የድራግ ጀማሪ መኪና የሆነው በውበቱ አይደለም። ቀላል ነው፣ የኋላ አክስሉ ቀጥ ያለ ድፍን አክስል ነው፣ የማይገኝለት እቃ የለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የጄኔራል ሞተርስ ኤል ኤስ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ፒክአፕ ላይ የሚገጠመው 5.3 ሊትሩ ብዙ ቻይ ነው።

አውቶማቲክ ለምን? ማንዋል ሲነሳ ፍሪሲዮኑ በአንዴ ይይዛል፤ ያ ምት ከካምቢዮ እስከ አክስል ድረስ በመዶሻ እንደመምታት ነው። አውቶማቲክ ግን በዘይት ውስጥ ስለሚገፋ ምቱ ይለዝባል። የሚሰበረው ያንሳል። በዚያ ላይ ማርሹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይቀይራል።

ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ተመልከት። የሲሊንደሮቹን ግፊት በጌጅ አስለካ፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ተወው። ክሪክ ላይ አውጥተህ የኋላ ሰስፔንሽን ክንዶች ሻንሲው ላይ የሚያያዙበትን ቦታ በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አድርግ፤ ዝገት የበላው ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን መኪና አትግዛ። ግማሹ ሽቦ ተቆርጦ፣ ግማሹ ብሎን በከረጢት ታስሮ የሚሰጥህ መኪና ላይ ላዩን ርካሽ ይመስላል። እኔ የማምነው እየተነዳ የሚመጣ፣ ሰልችቶት ሳይሆን አርጅቶ የሚሸጠው ባለቤት ያለውን መኪና ነው።

በፊት ጎማ የሚነዳ ትንሽ መኪና ካለህም ግድ የለም፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማ ይቀልለዋል። ስለዚህ የሚይዘው ጎማ ከፊት ይገጠማል፣ የኋላው ሞላ ይጠነክራል፣ ክብደት የሚቀነሰው ከኋላ ነው። ከዚህ በታች የምለው ለኋላ ነጂ መኪና ነው።

ምንም ሳትነካ አንድ ቀን ሩጥ

ይሄን ደረጃ ማንም አይወደውም፤ ሆኖም አትዝለለው። መኪናውን እንዳለ፣ ሄልሜትህን ይዘህ፣ የልምምድ ቀን ባለበት ሕጋዊ መሮጫ ውሰደውና አምስት ስድስት ጊዜ ሩጥ። ጎዳና ላይ መሞከር የለም፤ ድራግን ከጎዳና ላይ አንስተው ወደ መሮጫ ያስገቡት ሰዎችም የደከሙት ሰው እንዳይሞት ብለው ነው።

ሮጠህ ስትመለስ የሰዓት ወረቀት ይሰጥሃል። መጨረሻ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አይተህ ኪስህ አትክተተው። ከላይ ሁለተኛውን ተመልከት፤ 60 ጫማ ይላል። መኪናህ የመጀመሪያዎቹን 18.3 ሜትሮች የሄደበት ጊዜ ነው። የመኪናህ ሙሉ ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። የጎዳና ጎማ ላይ ያለ መኪና 2.2 ሰከንድ አካባቢ ይላል። በደንብ የነከሰ መኪና 1.7 ወይም 1.8 ይገባል። ልማዳዊው ስሌት እዚህ ላይ የቀነስካት እያንዳንዷ 0.1 ሰከንድ መጨረሻ ላይ 0.15 ገደማ ትሆናለች የሚል ነው። ከ2.2 ወደ 1.8 ብትወርድ 0.6 ሰከንድ አገኘህ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰዓት ከሞተር ለማግኘት 50 ወይም 60 ፈረስ ጉልበት መጨመር ሊኖርብህ ነው።

ወረቀቱ ላይ መጨረሻ የተጻፈው ፍጥነት ደግሞ የሞተሩን እውነተኛ ጉልበት ይናገራል። ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ ሰዓቱ መጥፎ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው። ፍጥነቱም ዝቅ ካለ ሞተሩ ሕክምና ይፈልጋል። ወረቀቶቹን አትጣላቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ጎማ

ካለህ ገንዘብ የመጀመሪያው ድርሻ የጎማ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ስሊክ ነው፤ ጥለት የሌለው ለስላሳ ጎማ፣ ለመሮጫ ብቻ የተሠራ። ሁለተኛው ድራግ ራዲያል ነው፤ ጥለቱ ጥቂት ሆኖ ጎዳና ላይም የሚነዳ። እየተነዳ ለሚሄድና ለሚመለስ መኪና ድራግ ራዲያል ይበቃል። ዝናብ ላይ ግን አደገኛ ነው። ከቻልክ ትርፍ ቸርኬ ላይ አስገጥመህ ጎማውን እዚያው መሮጫው ላይ ቀይር፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ከኋላ ባያስ የሚባለውን ዓይነት ስሊክ ከፊት ራዲያል ጎማ ጋር አትቀላቅል፤ በፍጥነት ላይ መኪናው መዋለል ይጀምራል።

ከጎማው በላይ ደግሞ በውስጡ ያለው ንፋስ ይወስናል። ጎዳና ላይ 32 ፒኤስአይ የምትሞላውን ድራግ ራዲያል መሮጫ ላይ ከ20 ጀምር። ከዚያ አንድ አንድ እየቀነስክ ሩጥ። 60 ጫማው እየተሻሻለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች መኪናው መጨረሻ ላይ ጭራው ሲወዛወዝ ይሰማሃል። ከዚያ አንድ ከፍ አድርገህ ተወው። ለብዙ መኪና ይሄ ከ15 እስከ 18 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ንፋሱ ልክ መሆኑን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ነጭ የጫማ ቀለም ያዝ። በጎማው መሬት የሚነካ ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አስምር። ተነስተህ ጥቂት ሜትር ሂድና ቁም። መስመሩ መሃል ላይ ጠፍቶ ዳሩ ላይ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል። ዳር ዳሩ ጠፍቶ መሃሉ ነጭ ከሆነ አንሷል። እኩል የደበዘዘ ቀን ያ መኪና ሲነሳ ወንበሩ ጀርባህን እንዴት እንደሚገፋው ታውቀዋለህ። አንድ ጓደኛህ ከጎን ቆሞ በስልኩ ቪዲዮ ይያዝልህ። ቀስ አድርገህ ስታየው የጎማው ጎን እንደ ጨርቅ ተጨማዶ ሲይዝና ሲለቅ ታያለህ። እኔ ድራግን የወደድኩት ያቺን ክፍልፋይ ሰከንድ ካየሁ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ከመነሳትህ በፊት ንፋሱን ሙላ። በ16 ፒኤስአይ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን አሙቆ ይጎዳዋል፣ መታጠፊያ ላይም አንተን ይጥልሃል። ትንሽ ኮምፕሬሰር የመሣሪያ ሳጥንህ ቋሚ አባል ትሁን።

ከኋላው ሰስፔንሽን ምን እንፈልጋለን?

መኪናው ሲነሳ አፍንጫው ቀና፣ ጭራው ዝቅ እንዲል እንፈልጋለን። ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ ሲያርፍ ጎማው ይነክሳል። የፊት ሾኮችህ ቶሎ የሚረዝሙና ቀስ ብለው የሚመለሱ ቢሆኑ አፍንጫው በቀላሉ ይነሳል። አርጅተው የላሉ ሾኮች ይሄን የሚያደርጉ ይመስላሉ፤ ግን ወርደውም ይዘላሉ፣ ስለዚህ አትመናቸው።

ድፍን አክስል ባለው መኪና አንድ የታወቀ ችግር አለ። ሞተሩ ትራስሚሲዮኑን (ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል ጉልበት የሚያደርሰውን ረዥም ዘንግ) ሲጠመዝዝ የኋላው ቀኝ ጎማ ክብደት ይቀልለዋል። በዚህ ምክንያት መኪናው አንድ ጎማ ብቻ ያሽከረክራል፣ ወይም ወደ ጎን ይስባል። ርካሹ መድኃኒት በቀኙ የኋላ ሞላ ውስጥ የሚገባ የጎማ ፊኛ ነው። ጥቂት ንፋስ ትሰጠዋለህ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እስኪነሳ ትጨምራለህ። ከኋላ ባሌስትራ ካለው ደግሞ ባሌስትራው እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ ብረት ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ አክስሉ ይዘላል፣ የሚዘል አክስል ደግሞ ዲፈረንሻል ይበላል። ሲነሳ ዱ-ዱ-ዱ የሚል ድምፅ ከሰማህ እግርህን ወዲያው አንሳ።

ያረጁ የሰስፔንሽን ቡሾችን (ክንዶቹ የሚያያዙበት ላይ ያሉትን ትናንሽ ላስቲኮች) ቀይር። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ዲፈረንሻልህ ሁለቱንም ጎማ አብሮ የሚያሽከረክር መሆኑንም አረጋግጥ፤ ጎማ አሽከርክረህ ስትነሳ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር መቅረት አለበት። አንድ ብቻ ከሆነ ሥራ አለብህ።

ክብደት በነፃ ይወርዳል

ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የኋላ ወንበር፣ ኮፈኑ ስር ያለ የማይሠራ እቃ፣ ሻንጣ ውስጥ የተረሳ ነገር። 45 ኪሎ ስታወርድ 0.1 ሰከንድ ገደማ ታገኛለህ። መጀመሪያ ከፊት ቀንስ። ባትሪውን ወደኋላ፣ በቀኙ ጎማ በኩል ብታዛውረው ሁለት ጥቅም አለው። ነገር ግን ያዛወርከው ባትሪ በደንብ ይታሰር፣ ከመኪናው ጀርባ በኩል ከውጭ የሚነካ ማጥፊያ ይገጠምለት። ማጥፊያው ሲገፋ ሞተሩም ጭምር መቆም አለበት። የፍሬን ክፍል፣ የበር ብረት፣ ቀበቶና የደኅንነት መስታወት አይነኩም።

ካምቢዮና ዲፈረንሻል

አውቶማቲክ ካምቢዮን የሚገድለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ቀድመህ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር አስገጥም። ይህን ሳታደርግ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈውን ክፍል) አትቀይር።

ኮንቨርተሩ ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፋብሪካው የሰጠህ ኮንቨርተር ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩን 1,800 ዙር አካባቢ ላይ ሊይዘው ይችላል። ሞተርህ እዚያ ላይ ገና አልነቃም። 2,800 ወይም 3,000 ድረስ የሚያስኬድ ኮንቨርተር ብትገጥም ሞተሩ ጉልበቱ ያለበት ቦታ ላይ ሆኖ ይነሳል። ከዚህ በላይ ለጎዳና አይሆንም፤ ዘይቱን ያፈላዋል።

የዲፈረንሻል ጥርስ ምርጫ በሒሳብ ነው እንጂ በወሬ አይደለም። መጨረሻ ላይ የምትገባበትን ፍጥነት በኪሎሜትር በሰዓት ያዝ፤ በ5.3 አባዛ፤ ለጎማው ቁመት በሜትር አካፍል፤ በጥርሱ ጥምርታ (ጎማው አንዴ ሲዞር ትራስሚሲዮኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በሚናገረው ቁጥር) አባዛ። የላይኛው ማርሽህ አንድ ለአንድ ከሆነ የሞተሩን ዙር አገኘህ። 170 ኪሎሜትር፣ 0.66 ሜትር ጎማ፣ 2.73 ጥርስ ከሆነ 3,700 ዙር ገደማ ነው። ሞተርህ ጉልበቱን የሚያወጣው 5,200 ላይ ከሆነ መስመሩን የምታልፈው ተኝቶ ሳለ ነው። እዚያው ላይ 3.73 ጥርስ ብትገጥም 5,100 ላይ ትደርሳለህ፤ የኮንቨርተሩ መንሸራተት ትንሽ ይጨምርበታል። ልክ ቦታው ነው። 4.30 እና ከዚያ በላይ የሚሉህን አትስማ፤ ወደ ቤት ስትመለስ ሞተሩ መንገድ ሙሉ ይጮሃል።

ሞተሩን አሳክመው፣ አትቀይረው

ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ። ሁሉም አዲስ ይሁኑ። ካንዴላዎቹን ስታወጣ በየተራ ደርድራቸውና ተመልከታቸው። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሲሊንደሩ ደህና ነው። እንደ ኖራ ነጭ የሆነና ብረቱ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ያለበት ካየህ ነዳጅ አንሶታል፤ ያ ሲሊንደር ፒስተኑን ሊያቀልጥ እየተዘጋጀ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ይህን ሳታይ ነዳጅ ፔዳሉን መሬት ድረስ አትርገጥ።

የነዳጅ ፓምፑን ግፊት ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሠራ አስለካ። ቆሞ ሲሠራ ትክክል የሆነ ፓምፕ በሙሉ ጉልበት ሊደክም ይችላል። ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር የሚገድበውን ቅንብር ፋብሪካው ካስቀመጠው በላይ ከፍ አታድርገው። በሩጫዎች መካከል ሞተሩ ጠፍቶም የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጥሩ ገንዘብ ነው። ናይትረስ (ጉልበት ለመጨመር ሞተሩ ውስጥ የሚረጭ ጋዝ) እና ቱርቦ ለሌላ ዓመት ይቆዩ። እነሱ ራሳቸው ላይ የምታወጣው አይደለም ችግሩ፤ ተከትሎ የሚሰበረው ነው።

ሕይወትህን የሚጠብቀው

ይሄን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት እንጂ ሥራው ከሞተሩ በፊት ነው። ሄልሜት ስኔል ኤስ ኤ የሚል ምልክት ይኑረው (ስኔል ሄልሜት የሚፈትሽ ድርጅት ነው)፤ ኤስ ኤ እሳትን ታስቦ የተሠራ ነው፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አይተካውም። ረዥም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማ።

ስሊክ የገጠመና 13.99 ወይም ከዚያ የፈጠነ መኪና የትራስሚሲዮን ቀለበት ያስፈልገዋል። የፊት ክሮቼራው (የትራስሚሲዮኑ የፊት መገጣጠሚያ) ቢሰበር ትራስሚሲዮኑ መሬት ወግቶ መኪናውን እንዳይገለብጥ የሚይዝ፣ 5 ሴንቲሜትር ስፋትና 6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ነው። የጎዳና ጎማ ላይ ብትሆንና ደንቡ ባያስገድድህም ግጠመው። ትንሽ ብረት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይገጠማል።

ፍሬን ዘይቱን ቀይር። የኋላ ታምቡር ካለው ከፍተህ ሸራውን እይ። ከ170 ኪሎሜትር ፍጥነት የምታቆመው በዚያ ሸራ ነው። ራዲያተሩ ሲሞቅ የሚተፋውን ውኃ የሚይዝ ግማሽ ሊትር ገደማ ዕቃ ይኑርህ፤ መንገዱ ላይ የፈሰሰ ውኃ ከኋላህ የሚመጣውን ሰው ያንሸራትተዋል።

የጎማ ብሎኖች ላይ ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ወፍራም ቸርኬ ስትገጥም ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያንሳል። ዳዶው ብሎኑ ላይ የሚገባው ርዝመት ቢያንስ ከብሎኑ ውፍረት እኩል መሆን አለበት፤ 12 ሚሊሜትር ብሎን ከሆነ 12 ሚሊሜትር። ካልደረሰ ረዥም ብሎን ቀይር። በቶርክ ቁልፍ ካጠበቅህ በኋላ ከዳዶው እስከ ቸርኬው የሚሄድ ቀጭን የቀለም መስመር አስምር። አንድ ጊዜ ከሦስተኛ ሩጫ በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዱ መስመር ተቆርጦ ነበር። በእጄ ዞረልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቀለም አልሮጥም።

ውድድሩ ቀን

ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሁን። ከመነሻው በፊት ጎማ አሽከርክሮ ለማሞቅ ውኃ የተደረገበት ቦታ ስትደርስ የጎዳና ጎማ ላይ ከሆንክ ዙረህ እለፈው። ድራግ ራዲያል ከሆነ ውኃውን አልፈህ ዳሩ ላይ ቁምና ቀጭን ጭስ እስኪታይ ብቻ አሽከርክር። ረዥም ጭስ ተመልካች ይወደዋል እንጂ ራዲያሉ አይፈልገውም።

መብራቱ ላይ ቀስ ብለህ ግባ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ መብራቶች ቦታህን ይነግሩሃል። ሁለተኛው እንደበራ ቁም፣ አንድ ጣት አትጨምር። ከዚያ ሦስቱ ቢጫዎች በ0.5 ሰከንድ ልዩነት ይወርዳሉ። አረንጓዴውን ከጠበቅህ ዘግይተሃል፤ የሚነሳው የመጨረሻው ቢጫ ሲበራ ነው። መኪናውን ሁልጊዜ በአንድ የሞተር ዙር፣ በአንድ ሙቀት ላይ አስነሳ።

ደብተር ይኑርህ። ሰዓት፣ የአየር ሙቀት፣ የጎማ ንፋስ፣ የሞተር ሙቀት፣ የነዳጅ መጠን፣ የተነሳህበት ዙር፣ ወረቀቱ። ሙቅ አየር ስስ ነው፣ ሞተሩን ያዘገየዋል፤ ከሰዓት በኋላ የምትጽፈው ሰዓት ከጠዋቱ ከፍ ማለት አለበት። ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ከደብተርህ በቀር የሚነግርህ የለም። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሁለት ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ቤት ስትገባ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ አውጣ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረገውና አሽትተው። ቀላና ንጹሕ ከሆነ በሩን ዝጋ። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው በዚህ ሳምንት ቀይረው። ከዚያ የቀለም መስመሮቹን አንድ በአንድ እይ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፀሐይ ርቀው ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፣ ያየኸውንም ደብተሩ ላይ ጻፍ።